የጥምጣሙ ጫፍ

ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንድ ጨርቅ ሻጭ ስስ ነጭ ጥጥ በክንዱ ለካ፣ ጫፉን በመቀስ ነካ አደረገና በሁለት እጁ ቀደደው። ያ ድምፅና ከአዲስ ጨርቅ የሚወጣው ሽታ ባለሁበት አቆመኝ። ብድግ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ሻጩ፣ «ኤዶ፣ ትገዢያለሽ ወይስ ስታሸቺ ልትውዪ ነው?» አለኝ። «ኤዶ» እዚህ ሐርጌሳ አክስት ማለት ነው። ሳልገዛ ሄድኩ።

ስለ እኚያ ባለ ነጭ ጥምጣም ሰው ብዙ ተወርቷል። ያወራው ግን አንድ ሰው ነው፤ ዛሬም በየሰርጉ ያወራል። አንቺም ከእሱ ሰምተሽ ይሆናል። እንግዲህ ከእኔም ስሚ።

ያኔ፣ በጦርነቱ ማግሥት፣ ሐርጌሳ ውስጥ ግማሹ ቤት ጣሪያ አልነበረውም። ጠዋት የሚቀሰቅሰን ቆርቆሮ የሚመታ መዶሻ ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር ከድሬዳዋ መጥቼ በአንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ሆንኩ። ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ ብቻ ነበር። የቢሮው ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ሸሚዙ የማይቆሽሽ ሰው ነው።

አማካሪ ሆነው የመጡት ሰው ግን ሲክ ነበሩ፤ ጢም የማይቆረጥበት፣ ጥምጣም የሚጠመጠምበት የሕንዶች ሃይማኖት ነው። ካናዳ ውስጥ የአንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል፣ ኋላም የመንገድ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። አባታቸው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠሩ ስደተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ከመመረጣቸው በፊት ታክሲ ነድተዋል። ወንበራቸውን ያጡት በአንድ ድልድይ ምክንያት ነው። ፓርቲያቸው «ከምርጫው በፊት ያልቃል ብለህ ተናገር» አላቸው። መድረክ ላይ ወጥተው «አያልቅም» አሉ። «ሕዝቡ አጨበጨበልኝ፤ ከዚያ ሄዶ ሌላ ሰው መረጠ» አሉኝ መኪና ውስጥ እየተንገጫገጭን። ጢማቸውን ይዘው ሳቁ።

የእሳቸው ጥምጣም ከመጠምጠሙ በፊት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ወጥሮ፣ በቁመቱ ያጥፈዋል። አገራቸው ሳሉ ሟች ባለቤታቸው ትይዝላቸው ነበር። እዚህ ደግሞ የግቢው ዘበኛ። አንድ ጠዋት ዘበኛው ታሞ ቀረና እኔ ያዝኩ። በግቢው መካከል፣ በፀሐይ፣ በመካከላችን አንድ ክፍል የሚያህል ርቀት አለ። ጨርቁ እርጥብ ስለነበር እጄን አቀዘቀዘው። ሲወጠር ብርሃን አለፈበት። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ኃላፊው ግን በመስኮት ሆኖ ይመለከተን ነበር።

አያሃ ከስደት የተመለሱ ሰዎች የሰፈሩበት የከተማ ዳር ነው። ሴቶቹ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይሸከሙ ነበር። የውሃ ማደያ ልናቆምላቸው የሽማግሌዎቹ ፈቃድ ያስፈልገን ነበር፤ እምቢ ካሉ ውሃው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ዳስ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ትልቁ ሽማግሌ ነጩን ጥምጣምና ረጅሙን ጢም አዩና፣ «እንግዲህ ሼኹ ዱዓ ያድርጉልንና እንጀምር» አሉ።

ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «አትተርጉሚ። እጃቸውን ብቻ እንዲያነሱ ንገሪያቸው። አሚን ብለን፣ አስፈርመን እንሄዳለን። እንጀራሽን ከወደድሽ» አለኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። አማካሪው ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ምን አሉ?» አሉኝ።

ሽማግሌው ያሉትን እንዳለ ነገርኳቸው።

ብድግ አሉ። «እኔ ሙስሊም አይደለሁም፤ ሲክ ነኝ። ጥምጣሙ የራሴ ሃይማኖት ሥርዓት ነው። የማላውቀውን ዱዓ አውቃለሁ ብዬ ባታልላችሁ፣ ነገ ውሃው ይመጣል ስላችሁስ ለምን ታምኑኛላችሁ? ከእናንተ አንዱ ያድርግ፤ እኔ በአክብሮት እቆማለሁ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊሄድ ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ። የዳሱ ሸራ በነፋስ ሲማታ ይሰማኛል። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ስንት ጢም አይቻለሁ፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ጢም እንዲህ ባክኖ ግን አላየሁም» አሉ። ጫማ የሚፈልገው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ትልቁ ሽማግሌ ዱዓውን ራሳቸው አደረጉ። ከዚያ «ይህ ሰው ውሃ አለ ካለ አለ» ብለው ቦታውን ሰጡ።

ኃላፊው ቢሮ እንደተመለስን በመስኮት ያየውን አወራ። በማግሥቱ ቢሮው ሁሉ «ጥምጣሙን የምታጥፍለት እሷ ናት» ይል ነበር። ወሬው 31 ሜይ የሚባለው ሰፈራችን ድረስ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ለስምሽ ብዬ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። እሳቸው ተከራከሩልኝ፤ አማካሪ ግን ይመክራል እንጂ አያዝም። ዛሬ ያ ኃላፊ በየሰርጉ «እውነቱን ይናገሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ» ሲል ከሴቶቹ ድንኳን ሆኜ እሰማዋለሁ። ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው።

እሳቸው አገራቸው ተመልሰው እንደገና ተወዳደሩ፤ ተሸነፉ ሲሉም ሰማሁ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እናቴ የብረት በሩን ገርበብ አደረገች። «ወሬ ያመጣብን ሰው ግቢዬ አይገባም፤ እንግዳ ደግሞ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም» አለች። እኔ እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ሻዩን ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ከበሩ ጀርባ መቆሜን አውቀው በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ ስገባ ሌላ ሰው ሆኜ እወጣ ነበር። ከአንቺ አፍ ብቻ ራሴን ሆኜ ወጣሁ። አንቺን ይዤ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ግን ይህን ለመጠየቅ መብት የለኝም።»

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። «ምን ይላል ሰውዬው?» አለችኝ።

«ሻዩ ይጣፍጣል ይላሉ» አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። «እንግዲያው ይድገሙ» ብላ ስኳር ጨምራ ይዛላቸው ወጣች። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡት ሰው፣ ስኳሩን በማንኪያ ሳያማስሉ፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ሲጠጡ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።