ከአባቴ ጋር የሰማሁት የራሴ ዘፈን

ነገሩ ከሆነ ገና አራት ወሩ ነው። በሙዚቃ ሥራዬ ብዙ ነገር አጋጥሞኛል፤ እንደዚያ ጠዋት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን የለም።

የአንድ ሮክ ባንድ ጊታሪስትና ድምፃዊ ነኝ። የታወቅነው ከስምንት ዓመት በፊት ባወጣነው የመጀመሪያ አልበማችን ነው። ከውስጡ ሰው ይበልጥ የወደደው እኔ የጻፍኩትን ዘፈን ነው፤ አባቱ ጊታሩን ስለሰበረበት ልጅ። ልጁ እኔ ነኝ።

አባቴ አናጢ ናቸው። ከትምህርት ቤት ጠፍቼ ልምምድ ስሄድ ደረሱብኝና ጊታሬን ከግድግዳ ጋር አጋጩት። ዘፈኑ እዚያ ላይ ያበቃል። በሦስተኛው ቀን ግን የጊታሩን አንገት በገዛ እጃቸው ጠግነው አልጋዬ ላይ አስቀመጡልኝ። አልበሙን የቀረጽኩትም በዚያው ጊታር ነው። ይህን ዘፈኑ ውስጥ አላስገባሁም፤ ቁጣውን ያበርደዋል ብዬ።

የዚያን ዕለት አባቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተሳፈርን። ጥቂት እንደሄድን ያ ዘፈን ተከፈተ። ሾፌሩ መሪውን እየመታ አብሮ ይዘፍናል። እኔን አላወቀኝም።

«ወንድሜ፣ እባክህ ሬዲዮ አድርግልን» አልኩት።

«ይሄማ አይቀየርም!» ብሎ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብሎ፣ «ፋዘር፣ የልጁን ጊታር የሰበረ አባት ነው። እንዲህ ዓይነት ጨካኝ አባት አለ?» አላቸው።

አባቴ መንገዱን እያዩ፣ «አለ፣ ልጄ» አሉት።

ዘፈኑ አላልቅ አለኝ።

ጦር ኃይሎች ወርደን ክንዳቸውን ይዤ አስፋልቱን ካሻገርኳቸው በኋላ፣ «አባባ፣ ያ ዘፈን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ድምፅህን አላውቀውም እንዴ? ድሮ ነው የሰማሁት» አሉኝ። ጥቂት ተራምደው ቆሙ። «መስበሬ እውነት ነው። መጠገኔን ግን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም ነበር። አውቄ ተውኩት ማለት ግን ከመርሳት የባሰ ሆነብኝና፣ «አዎ» አልኳቸው።

«ይሁን» ብለው ወደ ክሊኒኩ ቀደሙኝ።

ያንን አልበም ልጠላው አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። መድረክ ላይ ሆኜ ሰው ዘፈኑን እየጮኸ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የአባቴ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። በቅርቡ የባንዱ ልጆች እንደገና እንቅረጸው ሲሉኝ፣ አዲስ ስንኝ ካልጨመርኩበት አይሆንም አልኳቸው። እስካሁን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው። መፍጠን አለብኝ።