አባዬና ስኮርታ የሌላት መኪና

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከወልቂጤ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ድረስ የሸኘኝ አባዬ ራሱ ነው፣ ተቀጥሮ በሚነዳት አይሱዙ፣ ከኋላ ባሕር ዛፍ ተጭኖ፣ ከፊት እኔና እማዬ ተጣብቀን። ሰው ልጁን ባሕር ማዶ ሲሸኝ ያለቅሳል፣ ይጸልያል። አባዬ ግን መጀመሪያ መኪናዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ስኮርታዋን፣ መጠባበቂያ ጎማዋን ማለቴ ነው፣ ሁለት ሦስቴ በቡጢ መታ መታ አደረጋት፤ ደህና መነፋቷን ካረጋገጠ በኋላ ነው መጥቶ ግንባሬን የሳመኝ። እማዬ እስከ ዛሬ «ከልጁ ጎማዋን አስቀድሞ» እያለች ታማዋለች።

አየር ማረፊያው ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«ሻርጃ።»

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ይቀበልሻል?»

«ማዳም።»

«ዘመድሽ ናት?»

«ገና አላወቅኋትም።»

ማኅተሙን መታና «እንግዲህ ትተዋወቃላችሁ» አለኝ።

ተዋወቅን። ሻርጃ ስደርስ የአውሮፕላኑ በር ተከፍቶ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ አንድ ሰው የምድጃ አፍ የከፈተብኝ መሰለኝ። ወልቂጤም እኮ ትሞቃለች፤ የወልቂጤ ሙቀት ግን ከሰዓት በኋላ ከዝናብ ጋር ይታረቃል፣ የሻርጃው ዕርቅ የሚባል አያውቅም። ምግባቸውንም ቢሆን አላማም። ኹብዝ የሚሉት ቂጣ ለስላሳ ነው፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ያልቃል። ቆጮ እየበላ ያደገ ሰው ግን ምግቡ ትንሽ እንዲከራከረው ይፈልጋል።

የማዳምን ሥራ ሳልለቅ ቤቷ ማደሩን ትቼ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አንድ ቀን በርበሬ ስናምስ አከራዩ እያስነጠሰ በሩን ደበደበ።

«ምንድን ነው የምታቃጥሉት?»

«በርበሬ።»

«ለምን?»

«ልንበላው።»

«ሕንፃው በሙሉ እያስነጠሰ ነው። ኪራይ እጨምራለሁ።»

«ለማስነጠሱ?»

«ለማስነጠሱ።»

በሳምንቱ ሳህን ይዞ መጣ። ወጡን ቀምሶ እያለቀሰ ሄደ፤ ኪራዩም ባለበት ቀረ።

መኪና መንዳት የተማርኩት እዚያው ነው። የሾፌር ልጅ ሆኜ ፈተናውን ስንቴ እንደወደቅሁ አባዬ ስለማያውቅ እናንተም አትንገሩት። ካለፍኩ በኋላ ማዳም ልጆቿን ትምህርት ቤት እንዳመላልስ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ሰጠችኝ። ድምፅ የላት፣ ማርሽ የላት፤ ስትረግጪያት እንደ ሐሳብ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት ጎማዋ ተነፈሰ። የኋላ ኮፈኗን ከፍቼ ምንጣፉን ባነሳ አንዲት ሳጥን ብቻ። ደንግጬ ደወልኩና «ማዳም፣ ስኮርታው ተሰርቋል» አልኳት። ሳቋ አላልቅ አለ። ለካ ከፋብሪካውም አብሮ አልተሠራም። ብዙም ሳይቆይ የጭነት መኪና መጥቶ ተሸክሟት ሄደ፤ ሰውዬው «ኻላስ» አለኝ፣ አለቀ ማለቱ ነው። መንገዱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ያ ሁሉ መኪና ሲያልፍ ዞር ብሎ ያየኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ አገር ቢሆን ብዬ አሰብኩ። እኛ አገር ቢሆን እርዳታው ባይደርስ እንኳ አስተያየቱ ይደርስ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ አባዬ ጉልበት ልመጣ ነው።

አባዬ ግራ ጉልበቱን ታመመ። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተውና መሪውን ተወ። ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ ያለው ቤታችን በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ መዋል ጀመረ። እማዬ ስትነግረኝ እየሳቀች ትጀምርና እየቀዘቀዘች ትጨርሳለች፦ «መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ማርሽ ቀይር እንጂ አንተ› ይላል። ሾፌሩ አይሰማው። ዛሬ ደግሞ ምሳ አልበላም።» እኔ በስልክ አባዬን ሳጫውተው «ደህና ነኝ» ነው፣ «ጌታ ይመስገን» ነው፤ ሌላ ወሬ የለውም። መንገድ ላይ የኖረ ሰው በር ላይ ሲቀመጥ ወሬውም ይደርቃል።

ታዲያ አንድ ቀን የማዳምን መኪና ስነዳ ግራ እግሬን አየሁት። ሥራ ፈት ሆኖ ተጋድሟል። ፍሪሲዮን የለም፣ ምን ይርገጥ። አባዬ መንዳት ይችላል ማለት ነው አልኩ። ማታውኑ ለወንድሜ ለታምራት ደወልኩ። ታምራት ወልቂጤ አስተማሪ ነው። «የቤተሰብ መኪና እንገዛለን» አልኩት። ያጠራቀምኳት ነበረችኝ፣ እሱም ነበረችው።

ምርጫው እንደ ባልና ሚስት ጠብ ሽማግሌ የማይቆርጠው ሆነ። ታምራት ስክሪኗ ሰፊ የሆነችውን ዝቅ ያለች መኪና ወደደ። እማዬ ፎቶዋን አይታ «ይቺማ አገና አጎቶችህ ጋ ሳትደርስ ሆዷን ድንጋይ ይበላዋል፤ ከፍ ያለች፣ የኋላዋ ሰፊ የሆነች፣ ዕቃ የምትይዝ» አለች። እማዬ ረታች። አባዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ስኮርታዋ የት ነው?»

ታምራት አዲስ አበባ ሄዶ ሻጩን በቪዲዮ አገናኘኝ።

«ስኮርታዋ የት ነው?» አልኩት።

«እህቴ፣ ይቺ ዘመናዊ ናት። ስኮርታ የላትም።»

«ጎማዋ አይተነፍስም ማለት ነው?»

«እሱማ ይተነፍሳል።»

«ሲተነፍስስ?»

«ሳጥኗ ውስጥ ነጭ ፈሳሽ አለ፤ እሱን ትከቺበታለሽ፣ በፓምፗ ትነፊያለሽ፣ ቀስ እያልሽ ጎሚስታ ጋ ትሄጃለሽ።»

«ጎማው ጎኑ ከተቀደደስ?»

«እንግዲህ ጠንቀቅ ብሎ መንዳት ነው» አለኝ።

ገዛናት። ለመስቀል ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። እኛ ወንጌላውያን ብንሆንም መስከረም ላይ አገር ቤት አለመግባት የለም፤ የጉራጌ ልጅ የትም ይክረም፣ ለመስቀል የአባቱ ደጅ ላይ ይገኛል። አባዬ መኪናዋን በከዘራው እየነካካ ዞራት። ምንጣፉን አንስቶ ጎድጓዳውን አየና መልሶ ከደነው።

«ስኮርታ የሌለው መኪና ዘመድ የሌለው ሰው ማለት ነው» አለ። «እኔ አልነዳም።»

«አባዬ፣ ጌታ ይጠብቅሃል።»

«ይጠብቀኛል። ጎማ የሚቀይረው ግን ሰው ነው።»

በየቀኑ ለመንኩት። በየቀኑ «ስኮርታ» አለኝ። ፈቃዴ እያለቀ ነው፣ እሱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ነው። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ከግቢ ስወጣ እንኳ አባዬ አይሰማኝም፤ ሲያየኝም ስሜት በሌለው ፊት ነው። እንዲህ ትቼው ብሄድ ድጋሚ መሪ እንደማይዝ ታወቀኝ። ያን ያህል ተሰድጄ ያመጣሁት ነገር በር ላይ የሚቆም ጌጥ ሊሆን ነው።

ወደ አገና፣ ወደ አባዬ ወንድሞች የምንሄድበት ቀን ደረሰ። መሪውን ታምራት ያዘ፣ አባዬ ከፊት፣ እኔና እማዬ ከኋላ። እማዬ ለእያንዳንዱ ቤት ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሻሽ፣ ትልልቅ ዳቦ ሸክፋለች፤ ለመስቀል ባዶ እጅ አይገባም። እምድብርን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ አንድ ጎኗን ታነክስ ጀመር። ወርደን ብናይ የኋላው ጎማ ላይ ሚስማር ተሰክቷል።

እኔ አልደነገጥኩም። የሻርጃ ሰው አይደለሁ፣ ምንጣፉን አንስቼ ሳጥኗን ፈለግሁ። ስኳር አለ። ከስኳሩ ስር ሳሙና አለ። ከሳሙናው ስር ሻሽ አለ።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረችው ሳጥንስ?»

«የቷ? ቀይዋ? አልጋ ስር አስቀምጫታለሁ፣ አትሰረቅም።»

«ለምን አወጣሻት?»

«ስኳሩ አልገባ አለኛ። ደግሞ የመኪና ጎማ አራት ነው፣ አራቱም አሉ።»

አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከዘራውን አገጩ ስር አደረገ። ፊቱን ሳየው ግን፣ ልጁ ነኝና አውቀዋለሁ፣ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

አላፊ አግዳሚው መሰብሰብ ጀመረ። መንገዱ በሙሉ ለመስቀል የሚገባ ሰው ነው።

«ነዳጅ አልቆባችሁ ነው?» አለ አንዱ።

«ነዳጅ የላትም» አለ ታምራት።

«እሱንማ እያየን ነው።»

«አይ፣ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው።»

«ታዲያ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ እኛ ጋም ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

እማዬ የሰው ብዛት ስታይ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ዳቦ ቆርሳ ማደል ጀመረች። «ቁሙ እንጂ፣ እንግዳ ናችሁ» ትላለች፣ አስፋልቱ ሳሎኗ ይመስል።

አንድ ሚኒባስ አልፎን ሄደና ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሼ ደገፋ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አንተ ሲራጅ ነህ?» አለ አባዬ፣ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ። ሲራጅ ድሮ የአባዬ ረዳት ነበር።

«ነኝ ጋሼ። እርስዎ ጎማ ተንፍሶብዎት ቁጭ ብለው አያለሁ ብዬ አላስብም። ስኮርታውን ሳልነካ ብሳፈር ይደበድቡኝ አልነበር?»

«የላትም።»

«ምን?»

«ስኮርታ። አልፈጠረባትም። በስኮርታው ቦታ ስኳር አለ።»

ሲራጅ በሳቅ ሚኒባሱን ተደገፈ። ከዚያ ክሪክና መፍቻ አውጥቶ ከመኪናዋ ስር ሊገባ ሲል አባዬ ከዘራውን ዘረጋበት።

«እዚያ አይደለም። ሆዷን እንዳትነካ፣ ሆዷ በሙሉ ባትሪ ነው። ከበሩ ስር ጠርዙ ላይ ምልክት አለ፣ እዚያ ጋ ደግፍ።»

ዞር ብዬ አየሁት። «አባዬ፣ ይሄን ማን ነገረህ?»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ታምራት ነው ያጋለጠው፦ «መመሪያዋን ከዳር እስከ ዳር እያስተረጎመ አስነብቦኛል። ለአስቴር አትንገራት ብሎኝ።»

«ዝም በል አንተ» አለ አባዬ።

ሲራጅ ክሪክና መፍቻውን ለእኛ ትቶ፣ የተፈታውን ጎማ ከታምራት ጋር አገና ድረስ ወስዶ፣ ለበዓል ሱቁን የዘጋውን ጎሚስታ ከቤቱ አስጠርቶ አሠራው፤ ታምራት ጎማውን በባጃጅ ይዞ ተመለሰ። እስከዚያ ከእማዬ ዳቦ የተረፈ አልነበረም፣ ሻሽም ለሁለት ሴቶች ሰጥታለች።

ጎማው ሲገባ ታምራት እጁም ሸሚዙም ጠቁሯል። «እኔ ልንዳ» አልኩ። ዝናቡ መጣ። አስፋልቱ ላይ ደህና ሄድኩ፤ ከአገና ወደ አጎቶቼ መንደር የሚወጣው ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ጭቃ ነው። እኔ ደግሞ ስነዳ የኖርኩት አስፋልት ላይ፣ ቢበዛ አሸዋ ላይ ነው። ረገጥኩ፤ ጎማው ባዶውን ዞረ። አብዝቼ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ወገቧን እያወዛወዘች ወደ ቦዩ ተንሸራተተች።

«አትርገጪ» አለ አባዬ።

ረገጥኩ።

«አትርገጪ አልኩሽ። ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ?»

«ሻርጃ።»

«ሻርጃ ጭቃ አለ?»

«የለም።»

«ውረጂ።»

ወረድኩ። ሸክሙ እንዲቀል ታምራትም ወረደ፤ አባዬ ከዘራውን ለእማዬ አቀበለና ዞሮ መሪው ጋ ተቀመጠ። ግራ እግሩ ወለሉን ዳሰሰ፣ ፈለገ፣ ምንም አላገኘም።

«ይሄኛው እግሬ ምን ይሥራ?» አለኝ።

«ይረፍ አባዬ።»

መኪናዋን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰ፣ ጎማዎቹን አቀና፣ እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ረገጠ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ዳገቱን ወጣች። እኔና ታምራት በጭቃው ከኋላ እየሮጥን፣ እማዬ ከውስጥ እየዘመረች። የአጎቶቼ ልጆች ከአጥር ወጥተው አዩ። ከመኪናዋ ሲወርድ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ስኮርታ ቢኖራት ጥሩ ነበር።»

እኔ በሳምንቱ ተመለስኩ። እዚህ ሻርጃ ያ የምድጃ አፍ እንደተከፈተ ነው፣ ልጆቹን አመላልሳለሁ፣ ስደውል አባዬ አሁንም «ደህና ነኝ» ይለኛል። ባለፈው ታምራት ደወለልኝ። አባዬ ለማንም ሳይናገር እማዬን አሳፍሮ፣ በአገና በኩል በተራራው መንገድ ቡታጅራ ወርዷል። ታላቅ እህቱ ቡታጅራ ናት፤ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ አይቷት አያውቅም። እሷ ጋ አደረ፣ መኪናዋን ከእሷ ሳሎን በረጅም ገመድ ቻርጅ አደረገ፣ በማግስቱ ነድቶ ወልቂጤ ገባ።