ቲቸር ታደለች መርዶ ያልተቀበሉለት ልጅ

ኧረ ተዉ በሉኝ! ጠዋት የሰፈራችን ልጅ ደውላ «ቲቸር ታደለች አረፉ» ስትለኝ ተቆጣኋት። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ሄጄ ስንስቅ ነው የዋልነው እኮ።

ለማታውቋቸው፣ በደርግ ጊዜ እዚሁ ሐዋሳ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ናቸው። አርብ አርብ ከክፍል ሳንወጣ ተራ በተራ ያስነሱናል። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» ብለን በጉጉት የምንጠብቀውን መናገር አለብን። አንዱ ልጅ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላቱን ይላል፣ ሌላዋ የእህቷን ሠርግ። እኔ ሁልጊዜ የትምህርት ቤት መዘጋት ነበር የምለው። «አንቺ ሰነፍ!» ብለው ይስቁብኛል።

«ምንም የምጠብቀው የለም» ያለ ተማሪ አይቀመጥም። «ምንም የማይጠብቅ ሰው የለም፤ እዚያው ቆመህ አስብ» ይሉታል።

ከዚያ አንድ ልጃቸው ኢዮብ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። በቀጣዩ አርብ ሁላችን ከጨረስን በኋላ አንዷ ልጅ «እርስዎስ ቲቸር?» አለቻቸው።

ጠመኔውን አስቀመጡና «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ኢዮብ» አሉ፤ ኢዮብን የማይበትን ቀን ነው የምጠብቀው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የመጨረሻዋ ተራ የእሳቸው ሆነች።

አንድ ቀን ማለዳ የእድር ሽማግሌዎች የኢዮብን መርዶ ይዘው ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው የቲቸር ቤት ሄዱ። ጎረቤት ስለነበርን እናቴም አብራ ሄዳለች። ቲቸር በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው ወዲያው ገባቸው።

«ሬሳውን በዓይኑ ያየ አለ?» አሉ።

ያየ አልነበረም።

«እንግዲያው ቁርስ ቀማምሳችሁ ሂዱ። ደጄ ላይ ድንኳን እንዳትተክሉ!»

አልተተከለም። ጥቁርም አልለበሱም። ሰፈሩ አንዳንዴ ያዝንላቸዋል፣ አንዳንዴ «ጨርቃቸውን ጣሉ» ይላል። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት አርብ ክፍል ገብተው ያችኑ ዓረፍተ ነገር አሏት፤ ድምፃቸው እንኳን አልተንቀጠቀጠም። የምናለቅሰው እኛ ነበርን፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተን።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲመለስም መናኸሪያ እየሄዱ ሲቆሙ አይቻቸዋለሁ። ኢዮብ አልመጣም። ስለ እሱ «ነበር» ሲሉ ግን አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ቲቸርዬ፣ እድሩ ዛሬ ደጅዎ ላይ ድንኳን ተክሏል። ይቅር ይበሉን፣ ሳናስፈቅድዎ የኢዮብን ፎቶ ከእርስዎ ፎቶ ጎን አቆምነው። እስከ ዛሬ ያልተለቀሰለትን ልጅ አብረን እያለቀስንለት ነው።

ደህና ይሁኑ። ሲያገኙት ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ብሎሃል ይበሉት።