ሁለት ጣት ትርፍ

«ሴሚስተሩ ሳያልቅ ጓዟን ጠቅልላ ባትመጣ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» ብላ ነበር አክስቷ፣ ልጅቷ ራቅ ወዳለው ኮሌጅ የሄደች ዕለት። ፀጉሩን የሚነቅል ሰው አልተገኘም እንጂ ሴሚስተሩስ አልቋል። ልጅቷ ለእረፍት ቤት የገባችው ግን ደረቷን ነፍታ አልነበረም። ቦርሳዋ ውስጥ የውጤት ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ ዲ አለች፣ በድሮዊንግ፣ በንድፉ ትምህርት፣ የተገኘች። ሌላውን ሁሉ በደህና ነው ያለፈችው። አክስቷ ግን ወረቀቱ ከቦርሳው ሲወጣ ገና ከበሩ ሆና ስታየው ዓይኗ ያረፈው እዚያችው ላይ ነው።

«አላልኩም? የልብስ ሰፊ ልጅን ከማስመሪያ ጋር ምን አገናኛት!» አለችና ከአባቷ የስፌት መኪና አጠገብ ያለውን በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችው። በርጩማው ቀድሞ ተወልውሎ ተዘጋጅቷል። «ቦታሽ ይኸው። አባትሽ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቃተው ሰነበተ። ካንቺ ሌላ ማን አለው?»

እውነቷን ነው፤ ልጅቷን ያንገበገባትም ይኸው ነው። አባቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከልጁ በቀር የሚያግዘው እጅ የለውም። መርፌውን ይዞ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፣ ይሞክራል፣ ይስታል፣ ክሩን በምራቁ ያረጥባል፣ ደግሞ ይስታል። ሲያዩት አንጀት ይበላል። ወደ ኮሌጁ ትመለስ ወይስ በርጩማው ላይ ቁጭ ትበል፣ ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች።

ደግሞ ዲዋ የመጣችበትን መንገድ ብትሰሙ! መምህሩ ተማሪውን ክዳን ያለው የካርቶን ሳጥን ያሠራሉ፤ መጀመሪያ ይሰመራል፣ ከዚያ በልኩ ይቆረጣል። ልጅቷ ስታሰምር ለጉድ ነው፣ ከክፍሉ የሚስተካከላት የለም። መቁረጡ ላይ ሲደርስ ግን እጇ በክዳኑ ጠርዝ ሁሉ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል። ምን ታድርግ? ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ «የተረፈ ጨርቅ ይቆረጣል፣ ያጠረ ጨርቅ ግን በለቅሶ አይረዝምም።» እናላችሁ ክዳኑ በሳጥኑ ላይ ሰፍቶ ተንቦረቀቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። «ሳጥኑ ገና ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይሞላዋል» አለ አንዱ ቀልደኛ፣ ክፍሉም በሳቅ አለቀ። የሰፊ ልጅ ናትና ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ «መርፌ» ሆነ።

አልቅሳ ተኛች እንዳትሉ። እልኸኛ ናት፤ እልሁን ከአክስቷ ነው የወረሰችው ቢባል ሁለቱም ይቀየማሉ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት የመምህሩ ቢሮ ገብታ ፊታቸው ተገተረች።

«ዲውስ ይሁን። ጥፋቴን ግን ይንገሩኝ።»

መምህሩ ሳጥኗን አገላብጠው አዩት። «ልኩን ታውቂዋለሽ፣ መስመሩ ይኸው። ግን አታምኚውም። ብሳሳትስ እያልሽ መመለሻ ትተሽ ነው የምትቆርጪው» አሏት።

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባትም። ቤት ከገባች በኋላ ግን አንድ ጠዋት አልጋዋን ስታነጥፍ ወፍራሙ ብርድ ልብሷ ላይ እጇ ቀጥ አለ። ዶርም ውስጥ ያን ሁሉ ወር በስስ ጨርቅ ተኮራምታ ያደረችው ይህንን እዚህ ትታ ስለሄደች ነው። ለምን ተወችው? «ምናልባት ከተመለስኩ» ብላ! ለአክስቷ ትንቢት ቦታ ለቅቃ ነበር ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ የከረመው። በራሷ በገነች።

የእረፍቱ መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቷ ሱቅ ወደሆነው የፊት ክፍል ገብታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«እሰይ! ልብ ገዛሽ» አለች አክስቷ።

ልጅቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ክር ታስገባ ጀመር፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ። ስልሳ የሚያህል መርፌ ከነክሩ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክታ ስትጨርስ ብድግ አለች። ከጓዳ ብርድ ልብሱን ጎትታ አወጣችና በገመድ ታስረው ጀመር።

«እሱን ደግሞ የት ልትወስጂው ነው? ተይው እንጂ፣ ስትመለሺ ምን ልትለብሺ ነው?»

«ስመለስ እንግዳ ነኝ እትዬ፣ ያኔ አንቺ ታለብሺኛለሽ። ድሮዊንጉን ደግሜ እወስደዋለሁ። ብወድቅ ለሦስተኛ ጊዜ እወስደዋለሁ። ከእንግዲህ እዚህ መመለሻ ብዬ የምተወው ነገር የለም!»

አክስቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ትሰማታለህ? ክር የገባባቸው መርፌዎች ሲያልቁስ ምን ልትሆን ነው?»

አባት መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጁን አየ፣ ስልሳውን መርፌ አየ፣ ከዚያ በርጩማውን አንስቶ እህቱ እግር ሥር አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ያንቺ ዓይን ዲን ከበር ላይ ሆኖ አይቷል፤ የመርፌ ቀዳዳ አያቅተውም። ነይ ቁጭ በይ።»

ልጅቷ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።