የአክተሩ ጓደኛ

የልጅ ልጄ ሶስና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር አብረን እንኖራለን። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቴሌቪዥኑ ላይ የጃፓን ካርቱን ከፍታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ካውቦይ ነው። ባርኔጣው አለ፣ ሽጉጡ አለ፣ አቧራው አለ። ፈረሱ ብቻ የለም፤ በፈረስ ፋንታ በከዋክብት መሃል የሚበር መርከብ ይነዳሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ ነገሩን አውቀዋለሁና።

"ያ ቀጭኑ ጓደኛው አሁን ይያዛል" አልኳት። ተያዘ።

"ክፉው ሰውዬ ደግሞ መግደሉን ትቶ ወሬ ይጀምራል።" ጀመረ።

"አባባ፣ አይተውታል እንዴ?"

"አላየሁትም።"

"ታዲያ እንዴት አወቁ?"

"የሚያውቅ ሰው ነግሮኝ" አልኳት።

የነገረኝ ሰይድ ነበር። አባቱ ከወሎ የመጡ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መንገድ ላይ ሞቱ። እናቱን እትዬ ዘይነባን ይዞ አቃቂ ከእኛ ቤት ጀርባ ይኖር ነበር። ሁለታችንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ እንሸከማለን። እኔ ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አጭር ነው፤ አነክሳለሁ። እሱ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ ልጅ ነበር።

ሰይድ እሑድ እሑድ ከተማ ወጥቶ ካውቦይ ያያል። ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ የጥጥ ጥቅል ላይ ወጥቶ ይተርክልናል። እኛ ሽሮ በቃሪያችንን እየበላን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። የፈረንጁን ቋንቋ አንድም ቃል አያውቅም፤ ንግግሩን ሁሉ ከራሱ ነበር የሚሞላው። የሱ ካውቦዮች "ወላሂ አልምርህም!" እያሉ ነበር የሚታኮሱት። ጥይቱን በአፉ፣ የፈረሱን ኮቴ በጭኑ ላይ ይመታል። እኔ በዚያ ጊዜ ፊልም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከሱ አፍ የሰማሁት ግን እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል።

ሕግም ነበረው። አክተር፣ ማለት የፊልሙ ጀግና፣ አይሞትም። የአክተሩ ጓደኛ ግን ይሞታል፤ ያውም ብዙ ተናግሮ። አክተሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ገመዱ አንገት ላይ ከገባ በኋላ።

"ለምን ቀደም ብሎ አይመጣም?" ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

"አንተ ደግሞ! ቀድሞ ከደረሰማ ምኑን ፊልም ሆነው?"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ተረቱን በእኛ ስም ሲያወራ አክተሩ እሱ ነው፣ ጓደኛው እኔ ነኝ። በዚህ እግር ሌላ ምን ልሆን? በሳምንት አንዴ እሞት ነበር። አልከፋኝም ብል ግን ውሸት ነው። ከፍቶኝ ነበር።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ አፈሳው መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ይሉታል፤ እኛ አፈሳ ነበር የምንለው። ሰይድን ከገበያ ሽንኩርት ተሸክሞ ሲመለስ ያዙት። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ አንዱ ታጣቂ እግሬን ዓይቶ "አንተ ሂድ" አለኝ። የሽንኩርቱን ከረጢት ተሸክሜ ለእናቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ ከረጢቱን እንጂ እኔን አላዩም። "እሱስ?" ነው ያሉኝ።

ፋብሪካው "ለምርት ሥራ ያስፈልገኛል" ብሎ ከጻፈለት ይለቁታል ተባለ። አንድ ሁለት ሰው እንዲያ ወጥቷል። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘይነባ በራፋችን ላይ ቆመው ትከሻዬን ያዙ፤ "ሌላ ወንድ የለኝም፤ አንተ ነህ ያለኸኝ" አሉኝ። ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስት ሰዓት ላይ ደብዳቤው በእጄ ገባ። ጸሐፊዋ ጻፈችው፣ ማኅተሙን ዷ! አደረገችበት፣ ሰጠችኝ። ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ ፊቷን አዞረች፤ እኔም ወጣሁ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ክቡን ሐምራዊ ማኅተም ግን አውቀዋለሁ። ጎኑ እርጥብ ነበር፤ እንዳይጠፋብኝ እፍ እያልኩበት ሄድኩ።

የተያዙትን ከቀበሌው የሚወስዱት መኪኖች በአምስት ሰዓት ይነሣሉ ተብሏል። እኔ ቀበሌው ጋ የደረስኩት አራት ሰዓት ገና ሲሆን ነው። ሦስት ኦራሎች ቆመዋል፤ ከግቢው ውጭ እናቶች ተኮልኩለዋል። መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም።

ፊት ለፊት የከድር ሻይ ቤት ነበረች። ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ ሻይና ዳቦ አዘዝኩ። በልቤ ያሰብኩትን ዛሬ ሳልደብቅ ልጻፈው። ሞተሩ ሲነሣ፣ እናቶቹ ሲጮኹ፣ አቧራው ሲቦንን፣ ያኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ እየሮጥኩ እንድደርስ ነው የፈለግሁት። ሰው ሁሉ እያየ። ሰይድ እያየ። አንድ ቀን እንኳ እኔም አክተር ልሁን ብዬ ነው።

"ያ ወረቀት የሰይድ አይደለም?" አለኝ ከድር፤ ብርጭቆ እያጠበ።

"ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ገና ነው።"

"ምኑ ነው ገና?"

ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ዳቦውን እየነከርኩ፣ ቀስ እያልኩ ጨረስኩት። ሁለተኛም አስደገምኩ።

ሞተሩ ሲነሣ ወጣሁ። እንዳሰብኩትም ሆነ፤ አቧራውም፣ ጩኸቱም። እግሬን እየጎተትኩ፣ ወረቀቱን ከራሴ በላይ ይዤ ሮጥኩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ሰይድ ከሁለተኛው ኦራል ላይ ዓየኝ። ድዱ እስኪታይ ሳቀና በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጮኸ፦

"አክተሩ መጣ!"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ካድሬው ወረቀቱን ተቀበለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አነበበው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ሰጠኝ።

"ፊርማ የለውም።"

"ማኅተም አለው እኮ ጓድ!"

"ማኅተሙን ዓይቼዋለሁ። ኃላፊው አልፈረሙበትም። ሌላ ቀን ቢሆን ላሳልፈው እችል ነበር፤ ዛሬ ከላይ የመጡ ሰዎች አሉ።" ሰዓቱን ዓየ። "ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ አስፈርመህ ትመለስ ነበር።"

ፊርማ ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። እኔ ደመወዜን የምቀበለው በአውራ ጣቴ ነው። ሰው ስሙን ጠምዝዞ ካልጻፈበት ደብዳቤ ደብዳቤ እንደማይባል ማን ይንገረኝ? "ይጠብቁኝ!" ብዬ ወደ ፋብሪካው ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በር ከፍቼ ገባሁባቸው፣ ሳይቆጡኝ ፈረሙ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ስመለስ የጎማ ምልክትና አንድ የላስቲክ ጫማ ነበር የቀረው። እትዬ ዘይነባ ያላደረሱትን የቆሎ ከረጢት አቅፈው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሌላ የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም።

"ምን አቆየህ ልጄ?"

"ቢሮ አቆዩኝ" አልኳቸው።

ሰይድ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገረንም የለም።

በኋላ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ማንበብ ስችል እትዬ ዘይነባ ያንን ደብዳቤ ከሣጥናቸው አውጥተው አስነበቡኝ። ጓድ ሰይድ ለምርት ሥራ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ፣ ይላል።

"አስፈላጊ ይላል?"

"ይላል፣ እትዬ።"

"እስቲ ድገመው።"

በየዒዱ አስነበቡኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ። በየዒዱም አነበብኩ፣ በየዒዱም ስለ ሻዩ ሳልነግራቸው ወጣሁ። ከድርም አልተናገረብኝም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ሲሰጠኝ ዓይኔን አያይም ነበር። ዛሬ ለቀብርም፣ ለሠርግም፣ ለቀጠሮም ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ማንን እንደማድን እንጃ።

እናቷ ለምሳ ስትጠራት ሶስና ካርቱኑን አቁማው ተነሣች። አክተሩ ከመርከቡ ዘሎ፣ አየር ላይ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቀጭኑ ጓደኛው እንደታሰረ ዓይቶታል፤ ይስቃል። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ገና ማንም ወረቀቱን አላነበበም።

ልጅቷ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ ተመለሰች። "ይደርሳል አይደል አባባ? ልክፈተው?"

"ቆይ" አልኳት። "ትንሽ እንዲሁ ይቆይ።"