ሱቁን በጊዜ የዘጋንበት ቅዳሜ

በፈረንጆቹ 2021 ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጆሃንስበርግ በጋ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይዞ የሚዘንብበት በጋ። እናቴ ሆሳዕና ሆስፒታል ገብታ በኦክስጅን ትተነፍስ ነበር። እኔ ከከተማው ዳር ዳቬይተን፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ስልኬን ከእጄ ሳላስቀምጥ እውላለሁ። መሄድ አልችልም። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ቢሮዎቹ በኮሮና ከተዘጉ ወዲህ ገብተሽ አሳድሺ የሚል የለም። እንዲያ ያለ ወረቀት ይዞ የወጣ አይመለስም፤ ልጄ ደግሞ እዚህ ናት። የቀረኝ ጸሎት ብቻ ነበር። ብቻ ስል ጸሎትን ማሳነሴ አይደለም።

ያን ቅዳሜ ባለቤቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሱቁን ፍርግርግ ዘጋ። ዲሴምበር ለስፓዛ፣ እንደ እኛ ላለ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ የመኸር ወቅት ነው፤ እንደዚያ ወር ያለ ገበያ የለም። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ደንበኛችን ፍርግርጉን ይዛ "ሲሲ፣ ዛሬ ምን ሆናችሁ?" አለችኝ። እኔም ያንኑ ልጠይቀው ዞርኩ።

"ከተማ የመብራት ሰልፍ አለ" አለኝ። "ልጅቷ አይታ አታውቅም፤ እንውሰዳት።"

"ከቤት ቢደውሉስ?"

"ያንቺ ስልክ ባትሪው አልቋል፤ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። በእኔ ይደውላሉ።"

ወንድሙ ከክሊፕታውን ሰፈር ባኪውን፣ ፒክአፕ መኪናውን፣ ይዞ መጣ። ሦስታችን ከፊት ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ ልጄ ጭኔ ላይ። ወንድሙ ሰው ማሳቅ ይወዳል።

"እቴ፣ ይሄ ሰውዬ የዲሴምበር ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "እኔስ ጌታ ሊመጣ ነው ብዬ ንስሐ ገብቼ ነው የመጣሁት።"

"አንተ ንስሐ ከገባህማ በእርግጥ ሊመጣ ነው" አልኩት።

ሲስቁ ስጠብቅ ባለቤቴ "ዝም ብለህ ንዳ" አለው። እስከ ከተማ ድረስ ሌላ ቀልድ አልመጣም።

መንገዱ ዳር ሰዉ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ይጠብቃል። ባለቤቴ ጥብስ በቆሎ ገዛልኝ። "ብዪ" አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ "ብዪ እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም" አለኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ አይለማመጠኝም። በላሁለት።

ከዚያ ሰልፉ መጣ። መጀመሪያ ከበሮ የሚመቱ ልጃገረዶች፣ ከኋላቸው ከጎማ እስከ ጣሪያ አምፖል የለበሱ የጭነት መኪኖች። አንዱ ዝሆን ሆኖ ጆሮውን ያወዛውዛል። አንዱ በዚያ ሙቀት የበረዶ ሰው ጭኗል። በነዚያ ሁለት ዓመታት ከሰፈራችን ብዙ ሰው ቀብረናል፤ ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲስቅ ማየት ደስ አለኝ። ለእናቴ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። መብራት መኪና ላይ ጭነው ይዞራሉ ብላት፣ "ታዲያ አንዱን ወደ እኛ አይልኩትም?" ትለኛለች።

ይህን ሳስብ ልጄ እጄን ያዝ አድርጋ "ሶሪ ማማ" አለችኝ።

እዚህ አገር ሰው ሲደናቀፍም፣ ዕቃ ከእጁ ሲወድቅም ያየው ሁሉ "ሶሪ" ይለዋል። የረገጠችኝ መስሏት ይሆናል አልኩ።

"አልረገጥሽኝም" አልኳት።

"ኖ፣ ስለ አያቴ ነው።" ከዚያ ደንግጣ በማስኳ ላይ አፏን ያዘች። "አባዬ ነገ ጠዋት ነው ያለው" አለች ቀስ ብላ።

እኛ ዘንድ መርዶ ማታ አይነገርም። ባለ ሐዘኑ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው ይነግሩታል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል። ልጄ እዚህ ተወልዳ ይህን ከየት ታውቀዋለች? እናቷ ያሳዘነቻት ጊዜ፣ እዚህ የሚባለውን አለች።

ባለቤቴን ዞሬ አየሁት። ከበሮው ሸፍኖን አልሰማም። ሰልፉን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው፤ በቆሎውን መጨረሴን። መጮህ እችል ነበር። ግን ይህ ሰው አንዲት ሌሊት ሊያተርፍልኝ ብሎ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ አምጥቶኛል። እናቴ ለእሱም እናቱ ነበረች።

"ለአባዬ እንደነገርሽኝ አትንገሪው" አልኳት ልጄን። "የሚመጣውን መኪና እዪ።"

የቀረውን ሰልፍ ቆሜ ጨረስኩ። ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። እንባዬ ወደ ውስጥ ወረደ፣ ማንም አላየውም፤ ለዚያም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስንመለስ ልጄ በሰልፉ ያየችውን ሁሉ ትዘረዝር ጀመር፤ ሦስታችንም ከሚገባው በላይ አብዝተን መለስንላት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ተንበረከክኩ። እናቴን ስለ ሰጠኝ፣ እስከ አሁንም ስላቆየልኝ አመሰገንኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ፊቴን ታጠብኩና ነጠላዬን በሐዘን አለባበስ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ ለበስኩ። በሩን ስከፍት ከቤሪያ ሰፈር የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ተራርቀው ቆመዋል፤ ማን ያንኳኳ እየተባባሉ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ መጣ። ጥለቴን አየና ግድግዳውን ተደገፈ።

"ግቡ" አልኳቸው።

ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከተኛችው ልጄ እግር አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ንገሩኝ" አልኳቸው።