የጫማ ሠሪው ልጅ የሱቅ ጫማ

ጫማ ሠሪው ወንድሜ ለልጁ ለአሥራ ስምንተኛ ዓመት ልደቷ ከሱቅ ጫማ ገዛላት። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከጎናችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አገጭ ላይ አንስቶ፣ «ድፍኑ? ጫማ? ገዛ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደንበኛውም ፊቱ ላይ አረፋ እንደ ተቀባ አብሮት ሳቀ። ይሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ሱቁ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልወድም።

«ድፍኑ» የሚሉት ወንድሜን ነው። ቀኑን ሙሉ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል አይናገርም፤ ሚስማሩን ከአፉ ሲያወጣም አይናገርም። እኔ ታናሽ እህቱ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ ስለማወራ ቤታችን በወሬ ተርቦ አያውቅም። ሱቃችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከጀርባዋ ሁለት ክፍሎች አሉ፣ የምንኖረው እዚያ ነው። በራችን አንድ ብቻ ስለሆነ ደንበኛም ዘመድም የሚገባው በዚያው ነው። እሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሶል ይመታል፤ እኔ መስኮቱ ሥር በስፌት መኪና የላይኛውን ቆዳ እሰፋለሁ። ግድግዳው ላይ ፎርማዎች ተሰቅለዋል፤ ፎርማ ጫማው የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። ከላይ ያለው ረድፍ የአንድ ሰው እግር ብቻ ነው፤ መዳፍ ከማትሞላው ጀምሮ በየዓመቱ እያደገ እስከ ዘንድሮው ድረስ ተደርድሯል። የልጁ እግር ነው። 

ልጅቷን «ጩጬ» ነው የምንላት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ስትድህ ነበር። እኔ ያኔ ለአንድ ወር ልርዳው ብዬ ሻንጣ አንጠልጥዬ መጣሁ፤ ይኸው ሻንጣውም እኔም እዚሁ አለን። ወንድሜ ሚስቱ የሞተችበት ቤት እንቅልፍ ስለ ነሳው ቀብሩ እንዳለቀ ዕቃውን ጭኖ አሁን ወዳለንበት ገባ። የድሮው ቤት ከገበያው ማዶ ያለ፣ አረንጓዴ በር ያለው የኪራይ ቤት ነው። ጩጬ እዚያ ቤት በእግሯ ቆማ አታውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

በየልደቷ አባቷ ጫማ ይሠራላታል። የሱቅ ጫማ እግሯን ነክቶት አያውቅም። የላይኛውን እኔ እሰፋለሁ፤ ሶሉን ሲዘጋ ግን ማንም እንዲያየው አይፈልግም፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግድግዳው ይዞራል። የባለሙያ ኩራት መስሎኝ ስንት ጊዜ አፊዤበታለሁ። «ምነው ጋሼ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትቀብርበት?» እለዋለሁ። የሚመልስልኝ መዶሻው ነው።

ጩጬ አራት ዓመቷ ሳለ ገበያ መሃል ከእጄ አመለጠችኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ፣ እያለቀስኩ ስዞር ቆየሁና አንዱ ጠቁሞኝ ሄድኩ። አረንጓዴው በር ፊት ቆማለች። አታለቅስም፣ አታንኳኳም፤ እጆቿን አንጠልጥላ ዝም ብላ በሩን ታያለች። «ማን አመጣሽ?» ስላት፣ «እግሬ» አለች። ሳቅን፤ የልጅ ነገር ነው አልን። ካደገች በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ከከተማ ውጭ ለጉብኝት ሊወስዳቸው ሲል ከሰልፉ ጠፍታ እዚያው ተገኘች። ያኔ ሳቁን ቀነስን። ሩቅ ለመሄድ በተነሳች ቁጥር መጨረሻዋ እዚያው በር ነው።

«አክስቴ፣ ሙች፣ እየሄድኩ እንደሆነ አላውቅም» ትለኛለች ስጠይቃት። «ሌላ ነገር እያሰብኩ እቆይና ቀና ስል በሩ ፊት ነኝ። ቀኝ እግሬ ነው የሚጎትተኝ።»

ዘንድሮ ሌላ ከተማ ያለ ኮሌጅ ላብራቶሪ እንድትማር ተቀበላት። ከልጅነቷ የተመኘችው ነገር ስለሆነ ቤቱ በደስታ ሊፈርስ ደረሰ፤ ድፍኑ እንኳ «ጎበዝ» አለ። ለምዝገባ እኔ ላደርሳት አብረን ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ ቦታችንን ይዘን ተቀመጥን። ውሃ ልግዛ ብዬ ወርጄ ስመለስ መቀመጫዋ ላይ የአንገት ልብሷ ብቻ ቀርቷል። የት እንዳለች ማሰብ አላስፈለገኝም። አውቶቡሱ ሻንጣዋን ይዞ ሄደ፤ እኔ ወደ አረንጓዴው በር ሮጥኩ።

ዝናብ እየመታት ቆማለች። የዚያን ቀን ግን ታለቅስ ነበር።

«አክስቴ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «በናትሽ፣ መሄድ እፈልጋለሁ!»

ኮሌጁ አንድ ዕድል ጨመረላት፤ ከልደቷ ማግስት ባለው ሳምንት ካልመጣች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ይህን በስልክ ስንሰማ ጩጬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልቤ በሷ ቆሰለ፤ በእግሯ እየሄደች በእግሯ የታሰረች ልጅ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን በዝናቡ ቆመን ሳለ አረንጓዴው በር ተከፍቶ ነበር። ከኛ በኋላ ቤቱን የተከራዩት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከዚያ በፊት በመስኮት ከማየት በቀር ወጥተው አያውቁም። ጩጬን አልፈው እኔን በክንዴ ያዙኝና ጥግ አስያዙኝ።

«የኔ እህት፣ ልጅቷን አይደለም የምፈራው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከእሷ ቀድማ የምትመጣውን ነው።»

«ማንን፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዝናብ ሲሆን ደጃፌ ላይ ጫማ ሲወልቅ እሰማለሁ። አንዱ ይወልቃል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ግድግዳው ላይ ሰው ተደግፎ ሲያርፍ ይሰማኛል። ከዚያ ሌላው ይወልቃል። ስከፍት ማንም የለም። አንዳንዴ ከዚያ በኋላ ይቺ ልጅ ትመጣለች።»

የወንድሜ ሚስት አንድ ጉልበቷን ያማት ነበር። ከሥራ ስትመለስ አንዱን ጫማ ታወልቅና ግድግዳውን ተደግፋ ታርፋለች፣ ከዚያ ሌላውን። ይህን ለመምህርቷ የነገረ ሰው የለም።

ማታውኑ ሳላሳድር ለወንድሜ ነገርኩት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሚስቱ ጥቁር የሥራ ጫማ ነበር፤ ጫማ መባሉ ቀርቶ ተረከዝ ብቻ ሆኗል፤ ቆዳው ዙሪያውን ተቆርጦ አልቋል።

«ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ዝናብ እየመታት መጣች» አለ። «አሞኛል ብላ ይሄን በሩ ላይ አወለቀች። ከዚያ ወዲያ አላደረገችውም። የዚህ ጫማ የመጨረሻ መንገዱ ወደ ቤት ነው። ልጄም እንደሱ ሁልጊዜ ወደ ቤት ትመለስልኝ ብዬ በየዓመቱ ጥፍር የምታህል ቆርጬ በቀኙ ሶል ውስጥ አደርግላታለሁ።»

ወንድሜ በዕድሜው ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ።

«የትኛው ቤት?» ብዬ ጮህኩበት። «ይሄኛውን ቤት እሷ መቼ አየችው? ጫማዋስ የት ያውቀዋል?»

ይህን ሁሉ ዓመት አላሰበውም።

ለልደቷ የጀመረው ጫማ ፎርማው ላይ ተወጥሮ ነበር፤ ወይን ጠጅ፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው፣ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ። ሶሉን በጉጠት ነቅሎ ከውስጡ ቁራጯን አወጣት። የመጨረሻዋ ቁራጭ ነበረች። መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ እኔ እያየሁት ሶሉን መልሶ መታው። በነጋታው ጠዋት ሶሉን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ፊቱ ተለወጠ። ነቀለው። ቁራጯ ውስጡ ናት።

«ጋሼ፣ መልሰህ ከተትካት?»

«አላስታውስም» አለ። እጁን ገልብጦ አየው፤ የሰው እጅ ይመስል ነበር አስተያየቱ። «እጄን አላምነውም እህቴ። እኔ ለዚህች ልጅ ጫማ መሥራት የለብኝም።»

ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ወደ ትልቁ የጫማ መደብር አብረን ሄድን። እንደ ገባ እያንዳንዱን ጫማ እያነሳ ማሽተት፣ ማጠፍ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሶሉን በጣቱ መምታት ያዘ። «ማስቲሹን ቆጥበውበታል» ይላል። «ይሄን የሰፋውማ ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣ ነው።» እኔ ሻጯን አይቼ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። በመጨረሻ አንድ ቡናማ ጫማ ይዞ ቆመ።

«ልጄ» አላት ሻጯን፣ «ይሄን የሠራው ሰው እኔ የምገዛላትን ልጅ ያውቃታል?»

«እንዴ፣ አባባ! በምን ያውቃታል? ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«በፍጹም አያውቃትም?»

ሻጯ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «በፍጹም» አለች።

«ጥሩ ነው። ጠቅልይልኝ።»

የልደቷ ዕለት ጩጬ ሳጥኑን ስትከፍት ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ጫማውን ገልብጣ የፋብሪካውን ማኅተም አየች፣ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«ይሄ ጫማ የትም ሄዶ አያውቅም» አላት። «መንገዱን የምታሳዪው አንቺ ነሽ።»

አድርጋው ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደች። «ተረከዜን ይነክሰኛል» አለች።

«ይነክሳል። እኔ ያልሠራሁት ጫማ ይነክሳል። ትለምጂዋለሽ።»

ይህን ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አሁን ግን የሚዘጋው ሶል አልነበረውም። ልጅቷ ከኋላው አቀፈችው። እኔ ኬኩን ልቁረጥ ብዬ ቢላዋውን ይዤ አለቀስኩ።

አውቶቡስ ተራ ሦስታችንም ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ ጩጬን መሃል አስቀምጠን እኔ በአንድ በኩል፣ አባቷ በሌላ በኩል ሆነን ቀኝ እግሯን እናያለን። ረዳቱ ሌባ የምንጠብቅ ሳይመስለው አልቀረም። እግሯ አንዴ ንቅንቅ ሲል ክንዷን ጨብጬ ያዝኩ።

«እየነከሰኝ ነው» አለች ጩጬ። «ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ጩጬ አትበሉኝ።»

እኔና አባቷ ወረድን። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ጥጉን ዞሮ እስኪጠፋ ፊቷ በመስኮቱ ላይ ነበር። ምሽት ላይ ደወለች፤ ደርሳለች፣ መኝታ ክፍሏ ጠባብ ነው፣ ተረከዟ ተልጧል። እንዲህ ደስ ያለኝ ቁስል የለም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ከሰፈሩ ጋር እስቅ ነበር። ግን ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ወንድሜ ቁራጯን ከመሳቢያው አወጣና የራሱን ቀኝ ጫማ ሶል ነቀለ። አሁን ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ እያየሁት ውስጡ አድርጎ መታው። አደረገውና ባዶ ራሱን ወደ ዝናቡ ወጣ። የስፌት መኪናዬን ትቼ ተከተልኩት። ገበያውን ተሻገረ። አንዴም ቀና ብሎ መንገዱን አላየም። አረንጓዴው በር ፊት ቆመ፤ ቆየና ማንም ወደሌለበት ወደ ግድግዳው በኩል ተናገረ።

«ልጅቱ ሄዳለች፤ በደህና ደርሳለች። አታስቢ» አለ። «እኛ ቤት ቀይረናል። ያኔውኑ መጥቼ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ነይ፣ እንሂድ።»

ወደ ቤት ሲመለስ አረማመዱ የራሱ አልነበረም። ቀስ ይላል፤ ጥግ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲሸኙ እንደሚጠበቀው ይጠብቃል። እኔ ልቀርበው አልደፈርኩም፤ ከኋላ ሆኜ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ እያየሁ ሄድኩ። ቤት ደርሶ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሚስማሮቹን ወደ ከንፈሩ መለሰ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ክር መርፌዋ አልገባ አለኝ።

ያኔ ደጃፋችን ላይ አንድ ጫማ ወለቀ። ዝም አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ተደገፈ። ከዚያ ሌላው ወለቀ።

ወንድሜ ቀና አላለም። መግቢያው ጠባብ ስለሆነ በርጩማውን ብቻ ትንሽ ወደ ግድግዳው ሳበ።